ሐዘንተኛም ግንቡን ውሃ ያጠጣል

እናቴ ያረፈችው ግንባችን መስኮት ልክ በደረሰበት ሰሞን ነው። ሰልስቷ እንደወጣ ባለቤቴ ጀሪካን አንጠልጥሎ ወደ ቦታችን ሲሄድ፣ ለቅሶ የመጡ ዘመዶች «አርባዋ እንኳ ሳይወጣ ግንባታ?» ብለው አዘኑብን። ይህን ወቀሳ አልቀበልም።

አዲስ የተገነባ ጡብ ለ7 ቀን ያህል ውሃ ካልጠጣ፣ በመካከሉ ያለው ሲሚንቶ ሳይጠነክር ይደርቃል። ጡቡም ከመደርደሩ በፊት ካልራሰ የቡኬቱን ውሃ ይመጠዋል። የተገዛው ሲሚንቶ እርጥበት ካገኘው እዚያው ከረጢቱ ውስጥ ይጋገራል፤ ክረምቱም የማንንም ሐዘን አይጠብቅም። በኪራይ ቤት ለኖረ ባልና ሚስት ይህ ግንብ የዕድሜ ጥሪት ነው።

ጥቁር ለብሼ አሸዋ ነፍቻለሁ፤ ባለቤቴ ቱንቢ ሲጥል ጡብ አቀብያለሁ። እያለቀስኩ ነበር። እናቴ ያንን ቤት ተሠርቶ ለማየት ስትጓጓ የኖረች ሴት ናት፤ ሥራውን ማቆሜ ለእሷ ምን ክብር ይሆናታል?

እድር ድንኳን ተክሎ፣ ንፍሮ ቀቅሎ ሐዘንተኛን አይተውም፤ እግዜር ይስጠው። ታዲያ ከሰልስት በኋላ ሁለት ጎረምሳ ልኮ ግንቡን ውሃ ቢያጠጣለትስ? ለተዝካር ድግስ ከሚወጣው ገንዘብ ከፊሉ ለጣሪያ ቆርቆሮ ቢሆንስ? በሚቀጥለው የእድራችን ስብሰባ ይህንኑ እጠይቃለሁ።