ዝግታም ብልሽት ነው

ሶፍትዌር በሚሠሩ ድርጅቶች ዘንድ ሥር የሰደደ አንድ እምነት አለ፦ የሚሠራ ነገር ከያዝክ ልቀቀው፣ ቢንቀራፈፍም በኋላ ይስተካከላል። መልቀቂያው ቀን ሲቃረብ ፈታሹ ባለሙያ «ገጹ ለመከፈት ብዙ ያስጠብቃል፤ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲገባበት ደግሞ ቀጥ ይላል» ብሎ ሪፖርት ያቀርባል። ከአለቃው የሚመጣለት ጥያቄ «ግን ይሠራል አይደል?» የሚል ነው። «ይሠራል» ካለ ነገሩ አለቀ። ችግሩ «ከተለቀቀ በኋላ የሚታይ» በሚለው መዝገብ ይሰፍራል፤ ቀኑን የሚነካው የለም። እኔ ይህን እምነት እቃወማለሁ። በአሠራር ረገድ ስህተት ነው፤ የስህተቱን ዕዳ የሚከፍለው ደግሞ ሁልጊዜ ያልወሰነው ሰው በመሆኑ ፍትሕም የለውም።

እምነቱ ከየት እንደ መጣ ይታወቃል። ከሊንክድኢን መሥራቾች አንዱ የሆነው ሪድ ሆፍማን በመጀመሪያ ምርቱ ያላፈረ ሰው ዘግይቶ ነው የለቀቀው የሚል ምክር ሰጥቷል። ፌስቡክም በጀማሪነቱ ዘመን ሠራተኞቹ እየሰበሩም ቢሆን እንዲፈጥኑ ያበረታታ ነበር። ሰዎች ፎቶ ለሚለዋወጡበት ገጽ ምክሩ ያስኬዳል፤ ዛሬ ቢያስጠብቅ ነገ ይታረማል፣ የሚጎዳም ሰው የለም። የፌስቡኩ ኃላፊ ማርክ ዘከርበርግ ራሱ ግን እ.ኤ.አ. በ2014 መፈክሩን ቀይሮ፣ ፍጥነቱ በተረጋጋ መሠረተ ልማት ላይ የቆመ ይሁን አለ። ባለቤቱ የተወው መፈክር ወደ ባንክ፣ ወደ ሆስፒታልና ወደ መንግሥት አገልግሎት ተሻግሮ ዛሬም እንደ ሕግ ይጠቀሳል።

ይህ መፈክር ባንክ ሲገባ ምን እንደሚያደርስ ከብሪታንያው ቲኤስቢ መማር ይቻላል። ባንኩ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2018 የ5.2 ሚሊዮን ደንበኞቹን መረጃ ከሎይድስ ባንክ ተከራይቶት ከነበረው ሲስተም አውጥቶ፣ በወቅቱ ባለቤቱ የነበረው የስፔኑ ሳባዴል ወዳሠራው አዲስ ሲስተም በአንድ ቅዳሜና እሁድ አዛወረ። ወዲያውኑ እስከ 1.9 ሚሊዮን የሚደርሱ ሰዎች ሒሳባቸው ተቆለፈባቸው። አገልግሎቱ ወደ ቦታው የተመለሰው በዲሴምበር ነው። ባንኩ ለደንበኞቹ 32.7 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ ከፈለ፤ በ2022 መጨረሻም ተቆጣጣሪዎቹ 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጡት።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚያስቆጨው ስሎተር ኤንድ ሜይ የተባለው የሕግ ድርጅት ባካሄደው ምርመራ የተገለጠው ነገር ነው። ሲስተሙ በሁለት ዳታ ሴንተሮች ላይ ጭነቱን እየተካፈለ እንዲሠራ የታቀደ ሲሆን፣ የአቅም ፈተናው የተካሄደው በአንዱ ላይ ብቻ ነበር። የሥራ ዕቅዱም የወጣው ከመጨረሻው ቀን ወደ ኋላ እየተቆጠረ ነው። ቀኑ መጀመሪያ ተቆረጠ፤ ሥራው በቀረው ጊዜ ውስጥ እንዲጠጋጋ ተደረገ። በእንዲህ ዓይነት ዕቅድ መጀመሪያ የሚጠበበው ለፈተና የተመደበው ጊዜ ነው፤ ከፈተናዎቹም ውስጥ ቀድሞ የሚሠዋው የፍጥነትና የአቅም ፈተና ነው፤ ምክንያቱም ሁሉም ክፍል ተሠርቶ ካላለቀ በሙሉ መልኩ ሊካሄድ አይችልም።

«በኋላ እናፋጥነዋለን» የሚለው ተስፋ የተመሠረተው ዝግታ ላይ ላዩን ያለ ጉድለት ነው በሚል ግምት ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ዝግታ ከመሠረቱ የሚመጣ ነው። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 2013 ለጤና መድን ምዝገባ የከፈተው ሄልዝኬር ዶት ጎቭ ለዚህ ምስክር ነው። ከ50 ሺህ እስከ 60 ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ ይገባል ተብሎ ሲጠበቅ፣ እንደ ባለሥልጣናቱ ገለጻ 250 ሺህ ሰው ገባ። በመጀመሪያው ቀን ተመዝግበው የጨረሱት 6 ሰዎች ብቻ ነበሩ። የሰው ብዛት ብቻውን ይህን አላመጣም። ጎብኚው የመድን ዋጋ ከማየቱ በፊት አካውንት እንዲከፍት ተገደደ፤ ሳይመዘገቡ ማየት የሚያስችለው ክፍል ከመከፈቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ተነሥቶ ነበር። ስለዚህ ዋጋ ለማየት ብቻ የመጣው ሰው ሁሉ በአንዲት ጠባብ በር ላይ ተጋፋ። ያንን በር ለማስፋት የአዲስ ባለሙያዎች ቡድን ለሳምንታት ሌት ተቀን ሠራ፤ የገጹ ምላሽም ከ8 ሰከንድ ወርዶ ከ1 ሰከንድ በታች ሆነ። ሥራው የሚቻል ነበር ማለት ነው። ነገር ግን መድን የቸገረው ዜጋ ዓይኑ እያየ፣ ፖለቲከኞች እየተነታረኩበት፣ በብዙ እጥፍ ወጪ ተሠራ።

ከሁሉም በላይ የሚያስቆጣኝ የዝግታ ሸክም በማን ትከሻ ላይ እንደሚወድቅ ነው። የፖላንዱ ሲዲ ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 የለቀቀው ሳይበርፐንክ 2077 የተሰኘ ጌም ውድ ኮምፒውተር ባላቸው ሰዎች ዘንድ ተወደሰ። አሮጌውን ፕሌይስቴሽን 4 የያዘው ተጫዋች ግን በሰከንድ 30 ምስል ሊያይ ሲገባው ከ20 በታች እየወረደበት ተሠቃየ። ኩባንያው አስቀድሞ ለገምጋሚዎች የሰጠው የኮምፒውተሩን ቅጂ ብቻ ስለነበር፣ ደካማ መሣሪያ የያዘው ገዢ ገንዘቡን የከፈለው ምንም ሳያውቅ ነው። ሶኒ በሳምንት ጊዜ ውስጥ ጌሙን ከመደብሩ አወረደው፤ የመለሰውም ከስድስት ወር በኋላ ነው።

እኛም ጋ ነገሩ ያው ነው። መተግበሪያውን የሚሠራው ወጣት አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ በዋይፋይ፣ አዲስ ስልክ ይዞ ይፈትነዋል። የሚጠቀምበት ሰው ደግሞ ሜሞሪው የሞላ አሮጌ አንድሮይድ ይዞ፣ ዳታ በብር እየገዛ፣ በሚቆራረጥ ኔትወርክ ነው። ሱቅ ገብቶ ዕቃ ይገዛል፤ «ክፈል» የሚለውን ይነካል፤ የመጠበቂያዋ ክብ ትሽከረከራለች። ገዢው ከሒሳቤ ተቀንሷል ይላል፣ ነጋዴው አልገባልኝም ይላል። ግራ የገባው ገዢ ደግሞ ይነካል፣ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። በሠሪው መዝገብ ላይ ይህ «መጠነኛ የፍጥነት ችግር» ነው። በሱቁ ደጃፍ ላይ ግን በሁለት ሰዎች መካከል የተነሣ የሌብነት ጥርጣሬ ነው።

ይህን ጉዳት ከኃላፊዎች ዓይን የሚሰውረው አማካይ የሚባለው ቁጥር ነው። ከ100 ተጠቃሚዎች 95ቱ 1 ሰከንድ፣ 5ቱ ደግሞ 60 ሰከንድ ቢጠብቁ አማካዩ ከ4 ሰከንድ በታች ይሆናል። በስብሰባ ላይ «4 ሰከንድ» ሲባል ሁሉም ይስማማል። 4 ሰከንድ የጠበቀ ሰው ግን አንድም የለም፤ ያሉት ችግር የማያውቁ 95 ሰዎችና አገልግሎት ያላገኙ 5 ሰዎች ናቸው።

ማራዘምም ዋጋ አለው የሚሉት ሐቅ አላቸው። ደመወዝ ይከፈላል፣ ተፎካካሪ ይቀድማል፣ የሠራተኛው ወኔ ይላላል፤ እንከን የለሽ ሶፍትዌርም ተሠርቶ አያውቅም። ማራዘም ብቻውን እንደማያድንም እቀበላለሁ። ሳይበርፐንክ ቀኑ ሦስት ጊዜ ተገፍቷል። ቲኤስቢም መጀመሪያ ለመዛወር ያሰበው በኖቬምበር 2017 ነበር፤ ነገር ግን ቀሪው ሥራ በወጉ ሳይመረመር አዲስ የጊዜ ገደብ ይፋ ሆነና ያው ጥድፊያ ተደገመ። የተጨመረው ጊዜ ምን እንደሚለካበት ካልታወቀ ጭንቀቱን ከማስረዘም በቀር ጥቅም የለውም።

«እውነተኛውን ችግር የምናየው ሕዝቡ ሲጠቀምበት ነው» የሚለውም ክርክር እውነትነት አለው። ታዲያ በጥቂት ሰዎች ይጀመር። ቲኤስቢ ደንበኞቹን በየተራ ማዛወር ይችል ነበር፤ ከተተቸባቸው ውሳኔዎች አንዱም አብዛኛውን በአንድ ጊዜ ማዛወሩ ነው። ለአንድ ቅርንጫፍ ደንበኞች ከፍቶ፣ ለክቶ፣ ሲከብድ ወደ አሮጌው መልሶ፣ ሲቀል ወደሚቀጥለው መሄድ ከተጠቃሚው መማር ነው። ሚሊዮኖችን ያለመመለሻ አስገብቶ መማር ግን በሰው ኑሮ ላይ ሙከራ ማድረግ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው ቀኑ ከመቃረቡ በፊት ይመለስ። ሥራው ሲጀመር፣ ማንም ሳይቸኩል፣ ልኩ በጽሑፍ ይቀመጥ፦ በጣም ደካማ በሆነው ስልክና ኔትወርክ ላይ ክፍያ በስንት ሰከንድ ማለቅ አለበት? ከሚጠበቀው ሰው እጥፉ ቢመጣ ምን ይሆናል? ከመቶ በመጨረሻ የሚስተናገደው ሰው ስንት ይጠብቃል? ወደ ኋላ መመለሻው የት ነው? ልኩ ካልተሞላ የለካው ባለሙያ «አይለቀቅም» የማለት ሥልጣን ይኑረው፤ ቃሉንም ለማስታወቂያ ቀን ሲል ማንም አይሻርበት። ለሕዝብ የሚነገረውም ቀን ከዚህ በኋላ ይቆረጥ።

ቀን ያስታወቀ ኃላፊ ቢያራዝም ለጊዜው ያፍራል፣ በጀቱም ይጎዳል። ያልደረሰውን ቢለቅ ደግሞ ደንበኛው ደመወዙን፣ ሕመምተኛው ቀጠሮውን፣ ነጋዴው የዕለት ገበያውን ያጣል፤ አንዳቸውም ውሳኔው በተሰጠበት ስብሰባ ላይ አልነበሩም። ሁለቱ ጉዳቶች በአንድ ሚዛን ከተቀመጡ ውሳኔው ግልጽ ነው፦ ቀኑ ይራዘም።