የትዳር ጓደኛም የመሥራት መብት በሕግ ይጽና

ለባለሙያ ሠራተኞች በሚሰጠው የኤች-ዋን-ቢ ቪዛ አሜሪካ የገባ መሐንዲስ ወዲያው ሥራ ይጀምራል። አብራው የመጣችው ሐኪም ሚስቱ ግን ለቤተሰብ የሚሰጠውን የኤች-ፎር ቪዛ ይዛ ቤት ትቀመጣለች። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ደንብ የሥራ ፈቃድ የሚሰጣት የባሏ የግሪን ካርድ ሒደት የተወሰነ ደረጃ ሲደርስ ነው። ፈቃዱን ካገኘች በኋላም ሥጋቱ አይለቃትም። ከኦክቶበር 2025 መጨረሻ ወዲህ የእድሳት ማመልከቻ ማስገባት ብቻውን ፈቃዱን አያራዝምም፤ መልሱ ከዘገየ ካርዱ ላይ የተጻፈው ቀን ሲያልፍ ከሥራ ገበታዋ ትነሣለች። የሕንድ ተወላጆች ደግሞ ለአንድ አገር በተቀመጠው የ7 በመቶ ጣሪያ ምክንያት ግሪን ካርድ የሚጠብቁት ለብዙ ዓመታት ነው።

በኩባንያ ዝውውር በኤል-ዋን ቪዛ የመጡ ሠራተኞች የትዳር ጓደኞች ግን ከኖቬምበር 2021 ጀምሮ የተለየ ፈቃድ ሳይጠይቁ ይሠራሉ። ይህ ልዩነት በምን ምክንያት ይጸናል? እኛ አንዳች አሳማኝ ምክንያት አላገኘንለትም።

«የአሜሪካውያንን ሥራ ይሻማሉ» ብለው የከሰሱ ነበሩ፤ የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በኦገስት 2024 የ2015ቱን የኤች-ፎር ደንብ አጽንቷል። ሆኖም መሥሪያ ቤት ያወጣውን ደንብ ተከታዩ አስተዳደር ሊሽረው ይችላል። ስለዚህ ኮንግረሱ መብቱን በሕግ ያጽና፤ ለኤች-ፎርም ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ይፍቀድ።