የቤት ሰርቨር ብልጥ መሆን የለበትም

የጨዋታ ኮንሶል ለልጆች መጫወቻነት ይገዛ እንጂ ክዳኑ ተከፍቶ ቢታይ ከቴሌቪዥን ጋር የተጣመረ የተሟላ ኮምፒውተር ነው። ቪዲዮ የሚፈታ ክፍል፣ የኔትወርክ መሰኪያ፣ ብዙውን ጊዜም የራሱ ሃርድ ዲስክ አለው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ኤክስቦክስ 360 እና በ2006 የተከተለው ፕሌይስቴሽን 3 ለአዳዲስ ጨዋታዎች አቅም ቢያንሳቸውም ፊልም ለማሳየት ግን ዛሬም ብቁ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ፣ አንድ ቤተሰብ በኮምፒውተሩ ያከማቸውን ቪዲዮ እንዲህ ባለ ኮንሶል አማካይነት ሳሎኑ ውስጥ እንዴት ቢመለከት ይሻላል የሚል ነው። መልሳችን ብዙዎች ከሚመክሩት ይለያል።

የተለመደው መንገድ ፍላሽ ነው። ፊልሙ ከኮምፒውተር ወደ ፍላሽ ይቀዳል፤ ፍላሹ ኮንሶሉ ላይ ይሰካል፤ ነገ ሌላ ፊልም ለመጫን የትናንቱ ይሰረዛል። ለአጭር ቪዲዮ ይህ በቂ ነው። ነገር ግን ፕሌይስቴሽን 3 የሚያነበው ፋት32 በተባለው ሥርዓት የተሰናዳ ፍላሽ ብቻ ሲሆን፣ ፋት32 ደግሞ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። በሰከንድ 8 ሜጋቢት የሚፈስ የሁለት ሰዓት ፊልም ስንት እንደሚሆን እናስላ። 7,200 ሰከንድ በ8 ሲባዛ 57,600 ሜጋቢት፣ ይህም ለ8 ሲካፈል 7,200 ሜጋባይት፣ ማለትም 7.2 ጊጋባይት ይሆናል። እንግዲህ ፊልሙ ለሁለት ካልተቆረጠ በፍላሽ አይሄድም ማለት ነው።

ሌላው መንገድ የቤት ሰርቨር ነው። ስሙ ትልቅ መሥሪያ ቤት ያስመስለው እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። አንድ ኮምፒውተር ቪዲዮዎቹን ይዞ ጥግ ላይ ይቀመጣል፤ ኮንሶሉም በቤቱ ኔትወርክ በኩል እየጠየቀ ይቀበላል። ብዙ ሰው እንደሚገምተው ይህ ኢንተርኔት አይፈልግም። መረጃው የሚመላለሰው በኮምፒውተሩ፣ በራውተሩና በኮንሶሉ መካከል ብቻ ስለሆነ አንድን ፊልም አሥር ጊዜ ማየት ከኢንተርኔት ጥቅላችን ላይ አንድ ሜጋባይት እንኳ አይቀንስም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ሲቋረጥ፣ በቤት ራውተርና በቤት ኮምፒውተር መካከል ያለው መንገድ ግን አልተነካም ነበር። ውጭ ካለ ማዕከል ብቻ ቪዲዮ ማየት የለመደ ቤትና የራሱን ክምችት የያዘ ቤት በዚያን ጊዜ እኩል አልነበሩም።

ኮንሶሉና ሰርቨሩ የሚተዋወቁበት መንገድ ለሳይንስ ተማሪ ደስ የሚያሰኝ ነው። ኮንሶሉ ሲበራ ሰርቨሩ የት እንዳለ፣ ስንት እንደሆነም አያውቅም። ስለዚህ የማንም የግል አድራሻ ወዳልሆነ፣ 239.255.255.250 ወደሚባል የጋራ አድራሻ፣ በ1900 ቁጥር በር በኩል «የቪዲዮ ሰርቨር የሆነ አለን?» የሚል አጭር ጥሪ ይበትናል። ጥሪው የገበያ አዋጅ ነጋሪን ይመስላል፤ ሁሉም ይሰማል፣ የሚመለከተው ብቻ ይመልሳል። ሰርቨሩ ስለ ራሱ የተጻፈ መግለጫ የሚገኝበትን አድራሻ ይልካል። ኮንሶሉ መግለጫውን አንብቦ የፎልደሮቹን ዝርዝር ይጠይቃል። ተመልካቹ አንዱን ፊልም ሲመርጥ ፋይሉ የሚመጣው ማንኛውም ድረ ገጽ በሚመጣበት በኤችቲቲፒ ነው፤ ወደ ፊት ማለፍ ሲፈልግም ኮንሶሉ «ከዚህኛው ባይት ጀምረህ ስጠኝ» ይለዋል እንጂ ሌላ ምሥጢር የለበትም። (ሰርቨሩ እየሠራ ኮንሶሉ «ምንም አልተገኘም» ካለ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ራውተሩ ነው። አንዳንድ ራውተሮች የጋራ ጥሪውን ከገመድ ወደ ገመድ አልባ አያሳልፉም፤ ለእንግዳ በተከፈተ ኔትወርክ ላይ ደግሞ መሣሪያዎች እርስ በርስ እንዳይተያዩ ይደረጋል።)

ይህን ቋንቋ ለቤት መሣሪያዎች የደነገገው ዲኤልኤንኤ የተባለ የአምራቾች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2003 ተቋቁሞ በ2017 ፈርሷል። ማኅበሩ ቢፈርስም ቋንቋው ግን አልጠፋም፤ በወረቀት ታትሞ፣ በብዙ ሶፍትዌሮች ውስጥ ተጽፎ፣ ማንም ሊያነበው በሚችለው በኤችቲቲፒ ላይ ቆሞ ይገኛልና።

አከራካሪው ጉዳይ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ኮንሶሉ የተላከለትን ፋይል ሁሉ መፍታት አይችልም። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ሥዕሉና ድምፁ የተጨመቁበት ዘዴ ሲሆን ኮዴክ ይባላል፤ ኤች.264 እና ኤምፔግ-2 የዚህ ምሳሌዎች ናቸው። ሁለተኛው የተጨመቀው ሥዕልና ድምፅ አንድ ላይ የተቀመጡበት ዕቃ ነው፤ ኤምፒ4 እና ኤምኬቪ የሚሉት የፋይል ቅጥያዎች የዕቃው እንጂ የይዘቱ ስሞች አይደሉም። ፕሌይስቴሽን 3 ኤች.264 በሚገባ ይፈታል፤ ኤምኬቪ የተባለውን ዕቃ ግን አያውቀውም። ስለዚህ ሊያሳየው የሚችለውን ፊልም «የማይደገፍ» ብሎ ይመልሰዋል። ጠጁን እየወደደ በብርሌ ካልቀረበልኝ አልጠጣም እንደሚል እንግዳ ማለት ነው።

በዚህ ጊዜ የተለመደው ምክር፣ ፋይሉን በእይታ ሰዓት እየፈታ ኮንሶሉ በሚወደው መልክ እንደገና የሚጨምቅ «ብልጥ» ሰርቨር ይተከል የሚል ነው። ሥራው ትራንስኮዲንግ ይባላል። እርግጥ ነው፣ ይሠራል። ዋጋውን ግን እንመልከት። አንድ ምስል 1920 በ1080 ነጥቦች ከሆነ 2,073,600 ነጥቦች አሉት፤ በሰከንድ 24 ምስሎች ሲያልፉ 50 ሚሊዮን ያህል ነጥቦች በየሰከንዱ መፈታትና እንደገና መጨመቅ አለባቸው። ይህ ሁሉ ድካም አንድ ጊዜ ቢሆን ባልከፋ፤ ፊልሙ በታየ ቁጥር ይደገማል፤ ውጤቱም ይጣላል። የሥዕሉ ጥራትም ይቀንሳል፤ ከተጨመቀ ነገር ላይ ዳግመኛ መጭመቅ ያለ ኪሳራ አይሆንምና። ይህን ለመቋቋም ጠንካራ ፕሮሰሰር ይገዛል፤ ፕሮሰሰሩ ይሞቃል፤ ማራገቢያው ይጮኻል፤ የመብራት ሒሳቡም ይጨምራል። ከላይ ላለው የኤምኬቪ ችግር ደግሞ ይህ ሁሉ ጭራሽ አያስፈልግም ነበር። እንደ ኤፍኤፍኤምፔግ ባለ ነፃ ሶፍትዌር ሥዕሉን ሳይነኩ ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ማዛወር ይቻላል፤ ሥዕሉ እንዳለ ይገለበጣል እንጂ ስለማይፈታ የሁለት ሰዓት ፊልም በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። የድምፁ ዘዴ የማይስማማ ቢሆን ድምፁን ብቻ ወደ ኤኤሲ መለወጥ ነው፤ ይህም ከሥዕሉ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ሥራ ነው።

ስለዚህ አቋማችን ይህ ነው፦ መለወጥ ያለበት ፋይል ወደ ክምችቱ በሚገባበት ዕለት አንድ ጊዜ ይለወጥ፤ ሰርቨሩ ከዚያ ወዲህ ያለምንም ምርምር የተጠየቀውን ባይት ብቻ ያቀብል። ሥዕሉ በኤች.264፣ ድምፁ በኤኤሲ፣ ዕቃው በኤምፒ4 ከሆነ የድሮውም የአሁኑም ኮንሶል፣ ስልኩም ቴሌቪዥኑም ያለ አስተርጓሚ ይቀበለዋል። በፊደላችን የተጻፈ የትርጉም ጽሑፍ ያለበት ፊልም ከሆነ ግን ጽሑፉን ከሥዕሉ ጋር ማተም እንመርጣለን። ይህ ሙሉ ዳግም ጭመቃ ስለሚጠይቅ አንድ ሌሊት ሊፈጅ ይችላል፤ ሆኖም የፊደላችን ቅርጽ የሌለው መሣሪያ ከጽሑፉ ይልቅ ባዶ አራት ማዕዘኖች ስለሚያሳይ ድካሙ አይቆጭም።

የሚቃወሙን ሰዎች፣ ኤች.265 የተባለው ተተኪ ዘዴ ለተመሳሳይ ጥራት የግማሽ ያህል ቦታ ብቻ እንደሚፈጅ፣ ብልጥ ሰርቨር ካለ ፊልሙን በዚያ ጨምቆ ለአሮጌው ኮንሶል እየፈቱ መላክ እንደሚቻል ያስረዳሉ። ክርክሩ ክብደት አለው፤ በተለይ ከቤት ውጭ በስልክ ለሚመለከት ሰው ሥዕሉን ማሳነስ ግድ ይሆናል። ለሳሎን ግን አያሳምነንም። ዲስክ አንድ ጊዜ ይገዛል፤ መብራት ግን በየወሩ ይከፈላል።

ከሒሳቡ በላይ የሚያሳስበን ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም ሥልጣን በማን እጅ ይሁን የሚለው ነው። ፕሌይስቴሽን 3 ከቤት ሰርቨር የማንበብ ችሎታ ያገኘው ከሽያጭ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2007 በተለቀቀ ማሻሻያ ነበር። ፕሌይስቴሽን 4 በኅዳር 2013 ሲወጣ ያ ችሎታ አልነበረውም፤ የተመለሰው በሰኔ 2015 ነው። በ2020 የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 ደግሞ እንደገና ያለ እርሱ መጣ፤ ተጠቃሚው ለዚሁ የተሠራ የሌላ ወገን ሶፍትዌር ይፈልጋል። በሰርቨሩም በኩል ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። ፕሌክስ የተባለው ታዋቂ ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ ሰው የራሱን ቪዲዮ ከራሱ ሰርቨር ከቤት ውጭ ሆኖ ለማየት ክፍያ እንዲከፍል ወስኗል። በቤት ውስጥ ማየት ነፃ ነው፤ ሆኖም የተጠቃሚው ማንነት የሚረጋገጠው በኩባንያው ማዕከል ስለሆነ፣ አስቀድሞ ልዩ ቅንብር ካልተደረገ ኢንተርኔት ሲጠፋ የቤቱ ባለቤት በቤቱ በር ላይ ሊቆም ይችላል። ኤምቢ የተባለው ሶፍትዌር ምንጩን በዘጋ ጊዜ ደግሞ፣ በታኅሣሥ 2018፣ በጎ ፈቃደኞች ከእርሱ ገንጥለው ጄሊፊንን መሠረቱ። የጄሊፊን መግቢያ ቃል የሚመረመረው እዚያው በቤት ሰርቨሩ ላይ ነው። ማውጫና የፖስተር ሥዕል ለሚወድ ቤተሰብ እርሱን እንመክራለን። ኮንሶሉ ፕሌይስቴሽን 3 ወይም ኤክስቦክስ 360 ከሆነ ግን ሚኒዲኤልኤንኤ የተባለው ትንሽ ፕሮግራም ይበቃል። ትራንስኮዲንግ ከነጭራሹ አያውቅም፤ የምንወድለትም ይህንኑ ነው።

ሰርቨሩ ትሑት ከሆነ መሣሪያውም ትሑት መሆን ይችላል። በእኛ አገር ሁኔታ የሚሻለው ሰርቨር ስክሪኑ ተሰብሮ የተጣለ ላፕቶፕ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። 80 ዋት የሚስብ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ሌት ተቀን ቢሠራ በ30 ቀን 57.6 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ 20 ዋት የሚስብ ላፕቶፕ ግን 14.4 ብቻ። ከዚህም ሌላ ላፕቶፕ ባትሪ አለው። መብራት ሲጠፋ ቴሌቪዥኑና ራውተሩ ቢጠፉም፣ ዲስኩ በመጻፍ ላይ እያለ ድንገት ከመቆም ይድናል። ባትሪው ያበጠ ከሆነ ግን አደገኛ ስለሆነ ወጥቶ ይወገድ።

ስለ ኔትወርኩ የምንለው አጭር ነው፦ ገመድ ይዘርጋ። የፕሌይስቴሽን 3 ገመድ አልባ ክፍል በስም 54 ሜጋቢት በሰከንድ ይባል እንጂ በተግባር ከዚያ ግማሽ በታች ነው የሚያቀርበው። ሰርቨሩም ገመድ አልባ ከሆነ እያንዳንዱ ባይት አየሩን ሁለት ጊዜ ያቋርጣል፤ አንድ ጊዜ ከሰርቨር ወደ ራውተር፣ አንድ ጊዜ ከራውተር ወደ ኮንሶል። ሁለቱን በገመድ ማያያዝ ካልተቻለ ቢያንስ ሰርቨሩ ከራውተሩ ጋር በገመድ ይያያዝ።

ወደ ክምችቱ ምን ይግባ ለሚለው፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መኖሩን አንባቢ ያስታውስ፤ የሌላውን ድካም ያለ ፈቃድ ማባዛት በቤት ውስጥ ሰርቨር ስላለ የተፈቀደ አይሆንም። እኛ ግን በመጀመሪያ እንዲገባ የምንፈልገው በየቁም ሣጥኑ ውስጥ ያለው የሠርግ፣ የምርቃትና የልደት ዲቪዲ ነው። በቤት ወይም በፎቶ ቤት የተቀዳ ዲቪዲ መረጃውን የሚይዘው በኦርጋኒክ ቀለም ላይ ነው፤ ቀለሙም በሙቀትና በብርሃን እየተበላሸ ይሄዳል። ዲስኩ ከላይ ንጹሕ መስሎ ከውስጥ የማይነበብ ሊሆን ይችላል። ይዘቱ ኤምፔግ-2 ስለሆነ ዋናው ቅጂ ሳይለወጥ እንዳለ ይቀመጥ፤ ለሳሎን የሚሆነው የኤምፒ4 ቅጂ ከእርሱ ይዘጋጅ። የፋይሉ ስም ዓመቱንና ዝግጅቱን ይያዝ፤ ከሃያ ዓመት በኋላ «ቪዲዮ 01» የማን ሠርግ እንደሆነ የሚያስታውስ አይኖርም። ዲስክም ያለ ማስጠንቀቂያ የሚሞት ዕቃ ስለሆነ ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ ይደረግና ከሰርቨሩ ተነቅሎ በዘመድ ቤት፣ ቢቻልም ከውጭ አገር ለጥየቃ በመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ገብቶ በሌላ አገር ይቀመጥ።