ዲፈረንሻሉም ይተንፍስ እንጂ!

ከነቀምት ወደ ጊምቢ ስትሄዱ ዲዴሳ ላይ ድልድይ አለላችሁ። ከአስፋልቱ ወጥታችሁ ወደ ገጠር ስትገቡ ግን ክረምት ላይ መንገዱ ራሱ ወንዝ ነው። ታዲያ ባለ ላንድክሩዘሮቻችን ለዚህ ምን ያዘጋጃሉ? መብራት ይደረድራሉ፣ ስኖርክል እስከ ጣሪያ ያቆማሉ። ጎበዝ! ሞተሩ ውሃ እንዳይጠጣ ታስቦለታል። ከሥር ያለውን ዲፈረንሻልስ ማን ያስብለት?

ነገሩ ቀላል ነው። መኪና ሲሄድ ዲፈረንሻሉ ይግላል፤ ውስጡ ያለው አየር ይሰፋና ከላዩ ባለችው ትንሽ መተንፈሻ ይወጣል። የጋለው ብረት ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ሲነከር ደግሞ አየሩ ይኮማተርና ከውጭ ይስባል። መተንፈሻዋ ውሃ ውስጥ ከሰጠመች ወይም በጭቃ ከተደፈነች የሚሳበው ውሃ ነው፤ በእሷ ባይገባ በዘይት መያዣ ጎማዎቹ በኩል ይገባል። ዘይቱ ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል። ከዚያ ኩሽኔታውም ጥርሱም ይበላል።

መድኃኒቱ ከመተንፈሻዋ ተነስቶ እስከ ሞተሩ ክፍል ላይኛው ጫፍ የሚወጣ ቀጭን ቱቦ ነው። በቃ!

የሀብታም መጫወቻ ጉዳይ ቢሆን ዝም ባልን። ግን ምጥ የያዛትን እናት ከገጠር የሚያመጣው አምቡላንስም ያው ላንድክሩዘር ነው። እሱ መንገድ ላይ ሲቀር «ሾፌሩ ነው የሰበረው» ማለት ይቀናናል። እኛ ግን እንላለን፦ መኪና የምትገዙ ሁሉ ጨረታው ላይ ቱቦዋን ጻፉ፤ ወንዝ የገባ መኪናም ዘይቱ ይታይ። ሾፌሩን ከመክሰስ ቱቦ መግዛት ይረክሳል።