የመንገድ ጨዋታ ወዴት ሄደ?

በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት አዲስ አበባ ዘመድ ስጠይቅ ሰንብቼ፣ ባለፈው ረቡዕ ወደማስተምርበት ከተማ ወደ መቂ ስመለስ አንድ ነገር አጋጠመኝ። ነገሩ ትንሽ ነው። ትንሽ ነው ብዬ ልተወው ብሞክር ግን አልተወኝም፤ ስለዚህ ለአንባቢ ማካፈልን መረጥሁ።

የተሳፈርሁበት ቅጥቅጥ አውቶቡስ በአሮጌው መንገድ የሚሄድ ነበር። ሾፌሩ ዘፈኑን ከፍ አድርጎ ለቆታል። ዘፈኑ አልጥም ስላለኝ እኔም ስልኬን ከኪሴ አውጥቼ፣ ሁለቱንም ጆሮዬን ወትፌ፣ አስቂኝ ድራማ መመልከት ጀመርሁ። ቢሾፍቱ ስንደርስ ነጭ ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ገብተው ከጎኔ ተቀመጡ። ከመቀመጫዬ ብድግ ብዬ እጅ ነሣሁና ወደ ድራማዬ ተመለስሁ። ሽማግሌው በእጃቸው የታጠፈ ወረቀት ይዘዋል። ሁለት ጊዜ ዘወር ብለው አዩኝ፤ ከንፈራቸውም ሲንቀሳቀስ ያየሁ መሰለኝ። ነገር ግን ድራማው ከሚያስቀው ቦታ ላይ ደርሶ ነበርና ዝም አልሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። አስቀድሞ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ሲመላለስብኝ የሰነበተውን ጥያቄ ላቅርብ፤ ለመሆኑ መንገደኛ የመንገዱን ርዝመት ለመርሳት በምን ሲጫወት ኖሯል?

አያቶቻችን በእግርና በበቅሎ ሲጓዙ የሚያጫውታቸው ሌላ አልነበረም፤ ራሳቸው ነበሩ። ሲራራ ነጋዴ ብቻውን አይሄድም፤ ሽፍታም አውሬም ይፈራልና። ቀን ወሬ፣ ማታ ከሰፈሩበት እሳት ዙሪያ ተረትና እንቆቅልሽ ይዞ ያመሻል። ጨዋታ የማያውቅ ቢኖር እንኳ ጨዋታ አዋቂውን ያዳምጣል። ክፍያ የለም፤ መሣሪያም የለም።

ቀጥሎ የምድር ባቡር መጣ። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ 784 ኪሎ ሜትር ያህል አቋርጦ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ በእኛም በኩል በአዳማና በሞጆ ያልፋል። የዚያ ዘመን ባቡር ሌሊት ስለማይጓዝ መንገዱ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። መንገደኛው አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላውን አዋሽ ያድራል። የባቡሩ ኩባንያ ለመንገደኛው ያዘጋጀው እራትና አልጋ እንጂ ዘፈን አልነበረም። ከማያውቁት ሰው ጋር ሦስት ቀን ፊት ለፊት ተቀምጦ ዝም ማለት ደግሞ ለሀበሻ የሚቻል ነገር አይደለም።

ከጅቡቲ ወዲያ ያለው መንገድ የባሕር ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን በተላኩ ጊዜ ከአገራቸው ወጥተው እስኪደርሱ ከአንድ ወር በላይ ፈጅቶባቸዋል። ያ ሁሉ ጉዞ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ወለደ።

የመርከብን ነገር ካነሣን ዘንድ ጥቂት እንግፋበት፤ የመንገድ ጨዋታ እንዴት እንደተለወጠ ከመርከብ የበለጠ የሚያሳይ የለምና። እ.ኤ.አ. በ1891 አልበርት ባሊን የሚባል የሐምቡርግ መርከብ ኩባንያ ሹም አንድ ነገር አሰበ። በብርዱ ወራት አትላንቲክን የሚሻገር ሰው ስለሚያንስ «አውጉስታ ቪክቶሪያ» የተባለችው መርከብ ሥራ ትፈታለች። እንግዲያውስ መንገደኛ ከሌለ ሽርሽር የሚወድ ባለጠጋ ይኖራል ብሎ 241 ሰዎች አሳፍሮ ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር ሰደዳት። የሽርሽር መርከብ ንግድ የሚባለው ከዚህ ነው የተስፋፋው። የዚያን ጊዜ ተሳፋሪ ጨዋታው ሙዚቃ ማዳመጥ፣ መጽሐፍ ማንበብና በመርከቡ ሰገነት ላይ ወዲያ ወዲህ ማለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1912 በሰጠመችው በታይታኒክ ላይ ስምንት ሙዚቀኞች ነበሩ፤ አንዳቸውም አልተረፉም። መንገደኛው እንዳይሸበር እስከ መጨረሻው ይጫወቱ እንደነበር የተረፉት ሰዎች መስክረዋል። ያ ሙዚቃ ለሁሉም በአንድነት የሚሰማ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1958 ግን ጄት አውሮፕላን መንገደኛ ጭኖ አትላንቲክን መሻገር ጀመረ። ቀናት ይፈጅ የነበረው መንገድ በሰዓቶች አለቀ። ታዲያ በመርከብ ማን ይሂድ? የመርከብ ባለቤቶች መልስ የሚያስደንቅ ነው፤ «የትም ለመድረስ ሳይሆን ለመጫወት ይምጣ!» አሉ። እ.ኤ.አ. በ1962 አትላንቲክን ልታቋርጥ የወጣችው «ፍራንስ» በ1980 ስሟ «ኖርዌይ» ተብሎ ቴአትር የሚታይባት የሽርሽር መርከብ ሆነች። በ1999 በአንዲት መርከብ ውስጥ የበረዶ መንሸራተቻ ሜዳ ተሠራ። በ2024 ባሕር ላይ የወጣችው «አይከን ኦፍ ዘ ሲስ» ደግሞ ሃያ ፎቅ ያላት፣ እስከ 7,600 ተሳፋሪ የምትይዝ፣ ስድስት የውኃ መንሸራተቻ ያላት ተንሳፋፊ ከተማ ናት። ቀድሞ ጨዋታው መንገዱን ለማሳጠር ነበር፤ አሁን መንገዱ ራሱ የጨዋታው ሰበብ ሆኗል።

እኛ የሽርሽር መርከብ የለንም። ነገር ግን ነገሩ በአየርም በየብስም ወደ እኛ ደርሷል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ በረራ ሲጀምር አውሮፕላኖቹ ከጦርነቱ የተረፉ ሲ-47 ነበሩ። ተሳፋሪው በግራና በቀኝ ግድግዳ በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ፊት ለፊት እየተያየ ይቀመጣል፤ ጭነቱ መካከል ላይ ነው። በ2004 ዓ.ም. ቦይንግ 787 ሲገባ እያንዳንዱ ተሳፋሪ በፊቱ የራሱ ቴሌቪዥን ነበረው። ተሳፋሪው በመጀመሪያው አውሮፕላን የሰው ፊት ያይ ነበር፤ በሁለተኛው የወንበር ጀርባ ያያል።

የአውቶቡሳችንም ታሪክ ከዚህ አይለይም። የሸክላ ዘፈን ለመኪና አይሆንም ነበር፤ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር መርፌው ይዘላል። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ካሴት ሸክላን ሲተካ ግን ዘፈን ከቤት ወጥቶ መንገድ ገባ። አባቴ እንደሚነግረኝ፣ በዚያን ጊዜ የአውቶቡስ ሾፌር ማለት የዘፈን ንጉሥ ማለት ነበር። አንዱ ካሴት ከአዲስ አበባ እስከ ሻሸመኔ ሲገለባበጥ ይውላል። ወደድህም ጠላህም ትሰማለህ፤ ዝዋይ ስትደርስ ግጥሙን በቃልህ ታውቀዋለህ። ከዚያ በኋላ አገር አቋራጮቹ አውቶቡሶች ጣራቸው ላይ ቴሌቪዥን ሰቅለው ፊልምና አጫጭር ቀልድ ማሳየት ጀመሩ። ያን ጊዜም ቢሆን አንዱ ሲስቅ ሌላው ይስቃል፤ «ምን አለ? ምን አለ?» ተብሎ ይጠያየቃል። ዛሬ ስልክ መጣ፤ ሃምሳ ሰው በአንድ አውቶቡስ ውስጥ ሃምሳ ልዩ ልዩ ጨዋታ ይጫወታል።

እንግዲህ የመንገድ ጨዋታ ሦስት ዘመን አሳልፏል ማለት ነው። በመጀመሪያው መንገደኛ ለመንገደኛ ሰጠው። በሁለተኛው አጓጓዡ ለሁሉም በአንድነት ሰጠ። በሦስተኛው እያንዳንዱ ለራሱ ያዘ።

ይህን ስል ግን የጥንቱን ሁሉ የማሞግስ እንዳልመስል እፈራለሁ። የካሴቱን ዘመን ንጉሥ ማን ይናፍቀዋል? ጆሮ የሚያደነቁር ዘፈን በግድ መስማት ነፃነት አይደለም። ከተማሪዎቼ መካከል በስልኩ የተቀዳ ትምህርት እያዳመጠ ከአዳማ የሚመላለስ አለ፤ እርሱን «ወሬ አውራ» ብዬ ብቆጣው በደል ነው። ደክሟት ከሥራ የምትመለስ ሴት ዝም ብላ መንገዷን እንድትሄድ ጆሮዋ ላይ ያደረገችው ነገር ከአጉል ለካፊም ያድናታል። አዲሱ ዘመን የሰጠን ትርፍ እውነተኛ ነው።

የወሰደብንን ግን ያወቅሁት ዓለም ጤና ላይ ነው።

ሞጆን አልፈን፣ ቆቃንም አልፈን፣ ዓለም ጤና ስንደርስ ሽማግሌው ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። ከጆሮዬ ነቀልሁ።

«ልጄ፣ ሞጆ ገና ነው?» አሉኝ።

«አባባ፣ ሞጆንማ ካለፍን ቆየን» አልኋቸው።

ወረቀቱን ሰጡኝ። የዓይን ሕክምና ቀጠሮ ነው፤ አዳማ፣ በዚያው ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ሞጆ ወርደው ወደ አዳማ የሚሄድ መኪና እንዲይዙ ልጃቸው ነግሯቸው ነበር። የመንገዱን ጽሑፍ ዓይናቸው አያነብላቸውም። ረዳቱ «ሞጆ ወራጅ!» ብሎ ሲጮኽ ድምፁን ዘፈኑ ዋጠው። የቀረሁት እኔ ነበርሁ። እኔን ሊጠይቁ ሁለት ጊዜ ዞረው ነበር፤ «ሥራ የያዝህ መስሎኝ ላቋርጥህ አልወደድሁም» አሉኝ። ሥራ! የድራማውን ስም ለመናገር እንኳ አፍራለሁ።

ሰዓቴን ባይ ሰባት ሰዓት አልፏል። ረዳቱን ለምኜ አስወረድኋቸውና አብሬያቸው ወረድሁ። ወደ ሞጆ የሚመለስ ሚኒባስ አስቁሜ፣ ሞጆ ላይ ወደ አዳማ መኪና እንዲያሳፍራቸው ለረዳቱ አደራ ብዬ፣ ሒሳባቸውን ከፈልሁ። «እግዜር ይስጥህ» ብለው መረቁኝ፤ ያልተገባኝን ምርቃት መቀበል እንዴት እንደሚከብድ በዚያን ሰዓት ዐወቅሁ። ለቀጠሯቸው ደርሰው ይሆን? እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ይባላል። ይህን እኔ ራሴ ለተማሪዎቼ ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስተምሬአለሁ።

ይህን መጽሔት የምታነቡት አብዛኞቻችሁ ተማሪዎችና በየመሥሪያ ቤቱ ሥራ የጀመራችሁ ወጣቶች ናችሁ። ነገ በመስኮታችሁ በኩል የታጠፈ ወረቀት የያዘ ሰው ይቆማል፤ ዛሬ ከጎናችሁ የተቀመጠውም እርሱ ነው። ስልካችሁን ጣሉ አልልም፤ እኔም አልጣልሁትም። የምለምነው አንድ ትንሽ ነገር ነው። ከጎናችሁ ሰው ሲቀመጥ፣ ጆሯችሁን ከመወተፋችሁ በፊት «ወዴት ነው የሚሄዱት?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ከሰማችሁ በኋላ ድራማችሁ የትም አይሄድም፤ ካቆመበት ይቀጥላል።