ከዕድሉ በፊት የሚከፈል ሂሳብ

አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ፣ ቂሊንጦ ላይ፣ በ2004 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ። በዚያው ክፍለ ከተማ ወላጆቻቸው ፋብሪካ በፈረቃ የሚገቡ ልጆች ያድጋሉ። አድገው ሲመረቁ የውጭ ስኮላርሺፕ ማስታወቂያ ለሁሉም እኩል ይደርሳል፤ «ሙሉ ወጪ የተሸፈነ» ይላል። ሙሉ የሚባለው ግን ከተመረጡ በኋላ ያለው ነው።

ከዚያ በፊት ያለው ከኪስ ይወጣል። የመደበኛ ፓስፖርት ክፍያ በ2016 መጨረሻ ከ2,000 ወደ 5,000 ብር አድጓል። እንደ አይልትስ ያለው የእንግሊዝኛ ፈተና ዋጋ ከውጭ ምንዛሪ ጋር የተያያዘ ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። ከሁሉ የሚብሰው ኮስት ሼሪንግ፣ ማለትም ተመራቂው የሚከፍለው የትምህርት ወጪ ድርሻ ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ዕዳውን ከፍሎ እስኪጨርስ ዋናው ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አይሰጠውም፤ እጁ ላይ ያለው ጊዜያዊ ማስረጃ (ቴምፖራሪ) እና ይፋ ያልሆነ የውጤት ቅጂ (ስቱደንት ኮፒ) ነው። ያለው ቤተሰብ ባንድ ጊዜ ከፍሎ ልጁን ይልካል። የሌለው ከደመወዙ እየተቆረጠ እስኪያልቅ ይጠብቃል፤ ማስታወቂያው ግን አይጠብቀውም።

የስኮላርሺፕ ምርጫ በውድድር ብቻ ይሁን የሚሉትን እንደ ጨካኝ ማየት አይገባም። ቦታው ጥቂት ነው፤ በቂ ዝግጅት ያለውም ጥቂት ነው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ከ845 ሺህ በላይ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሳይዘጋጅ የሄደ ልጅ ባዕድ አገር ወድቆ ሲመለስ የሚጎዳው ራሱ ነው። ለድሃ ኮታ ይመደብ ቢባል ደግሞ ድሃ መሆንን ማን ይመሰክራል? የወረዳ ደብዳቤ እንዴት እንደሚገኝ የምናውቅ እናውቀዋለን። ሐሰተኛ የትምህርት ማስረጃ በበዛበት አገር የሰነድ ጥብቅነትም ያለ ምክንያት አልመጣም።

ይሁንና መስፈርቱ ለሁሉም አንድ መሆኑ ብቻ ፍትሐዊ አያደርገውም። የብሪታንያ መንግሥት ስኮላርሺፕ የሆነው ቼቭኒንግ የሚጠይቀውን 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ያለ ክፍያ በተሠራ ሥራም መሙላት ይፈቀዳል። ቸር አሠራር ይመስላል፤ ያለ ደመወዝ ለመሥራት ግን ማታ ራት የሚያበላ ቤት ያስፈልጋል።

በችግር መምረጥ አይሞከርም ለሚል ኩባ አለችለት። ከኢትዮ-ሶማሊያ ጦርነት በኋላ ወደ 2,400 የሚጠጉ ልጆች፣ ብዙዎቹ ወላጆቻቸውን በጦርነቱ ያጡ፣ የወጣቶች ደሴት ወደምትባለው ስፍራ ተወስደው ተማሩ። አብዛኞቹ ፈተና አልፈው ሳይሆን አሳዳጊ አጥተው ነው የተመረጡት፤ ከነሱ መካከል ሐኪሞችና መሐንዲሶች ወጥተዋል። ዋጋውም ቀላል አልነበረም። በልጅነት ከአገርና ከዘመድ ተለዩ፤ የላካቸው መንግሥት በ1983 ሲወድቅ ኩባ ላይ መድረሻ ያጡ ነበሩ። ሁሉ ነገር በአንድ መንግሥት ፈቃድ ላይ ሲንጠለጠል እንዲህ ነው።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሌላ መንገድ ሞክሯል። በማስተርካርድ ፋውንዴሽን ገንዘብ፣ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር፣ አካል ጉዳተኞችንና ሌሎች ችግረኛ ወጣቶችን ያስተምራል። ወጣቶቹ በአብዛኛው እዚያው ጎንደር ይማራሉ፤ ለትምህርት ካናዳ የሚላኩት መምህራኑ ናቸው። ለመማር ባሕር መሻገር አያስፈልጋቸውም፤ መምህሩም የተማረውን ይዞ ወደ እነሱ ይመለሳል ተብሎ ይታሰባል። ባሕር ማዶውን ማየት ግን አሁንም ቀድሞ ደረጃ ለያዘው ደረሰ።

እኔ የትምህርት መስፈርቱ ዝቅ ይበል ከሚሉት ጋር አይደለሁም፤ የክፍያው ቅደም ተከተል ግን መገልበጥ አለበት እላለሁ። ስፖንሰሮች በስቱደንት ኮፒ ይምረጡ፤ ፈተናውንና ፓስፖርቱን ለተመረጠው ይክፈሉ፤ የሰነድ ማጣራቱ ከዚያ ይከተል። የተጭበረበረ ሰነድ ያቀረበ ያኔ ይወድቃል። ይህ የስፖንሰሮቹ ፈቃድ ነውና ልንለምን እንጂ ልናዝ አንችልም።

አንዱ በር ግን የኛው ነው። ተመራቂው የኮስት ሼሪንግ ዕዳውን ሳይከፍል ውጭ ይቀራል የሚል ስጋት አለ፤ የሚቀሩም አሉ። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ዋናውን ዲግሪ መያዣ ያድርጉት፤ ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱን ግን ልጁ ወዳመለከተበት ተቋም በቀጥታ ይላኩለት።