ነጋዴና የዕረፍት ወራት፤ ስለ ዛንዚባር ጉዞ የቀረበ አሳብ

ነጋዴ ለመጋዘኑ ዕቃ ሲገዛ አስቀድሞ የሚጠይቀው ወራቱን ነው። ጃንጥላና የዝናም ልብስ በጥቅምት ወር አያስመጣም፤ ለዘመን መለወጫ የሚሸጠውንም ጨርቅ ለማዘዝ ነሐሴ እስኪጋመስ አይጠብቅም። ቡና ላኪውም ቢሆን የለቀማውን ጊዜ፣ የመንገዱን ሁኔታና የመርከቡን ቀን ሳያመዛዝን ውል አይፈርምም። ይህን ያህል ጠንቃቃ የሆነው ሰው ግን ለራሱና ለቤተሰቡ የዕረፍት ጉዞ በሚገዛበት ጊዜ ጥንቃቄውን ሁሉ በመደብሩ ደጃፍ ትቶት ሲሄድ ይታያል። የሚጠይቀው ዋጋውን ብቻ ነው፤ ቅናሽ መኖሩን ከሰማም ቀብዱን ወዲያው ይከፍላል።

ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ የሚሆነው የዛንዚባር ጉዞ ነው። ደሴቲቱ ከምድር ወገብ በስተደቡብ ስድስት ዲግሪ ያህል ርቃ የምትገኝ፣ ከአዲስ አበባም ያለ ማቋረጥ በሚበር አውሮፕላን የምትደረስ ስለሆነች፣ ባሕር ለማየት የሚመኝ ቤተሰብ በቀላሉ ያስባታል። ብዙዎች ደግሞ ጉዞውን የሚያስቡት ለፋሲካ ሰሞን ነው። ጾሙ ተፈትቷል፤ የበዓሉ ገበያ አልፏል፤ በሣጥን ውስጥም ጥቂት ገንዘብ ተገኝቷል። የደሴቲቱ ሆቴሎችም በእነዚያ ሳምንታት ዋጋቸውን እጅግ ዝቅ ያደርጋሉ። ይህ ቅናሽ ከምን የመጣ ነው ብሎ የሚመረምር ግን ጥቂት ነው።

የዛንዚባር ዓመት የሚከፈለው በሁለት ነፋሳትና በሁለት ዝናማት ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰውን ነፋስ የአገሩ ሰዎች ካስካዚ ይሉታል፤ ሙቀትን ያመጣል። ከደቡብ ምሥራቅ ተነሥቶ በሰኔ የሚደላደለውና እስከ መስከረም የሚዘልቀው ደግሞ ኩሲ ይባላል፤ እርሱ ቀዝቀዝ ያለ ነው። ነፋሱ አቅጣጫውን በሚለውጥባቸው ወራት ዝናም ይወርዳል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ረጅሙ ዝናም ማሲካ፣ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ መጀመሪያ ያለው አጭሩ ዝናም ቩሊ ይባላል።

ይህ ሥርዓት ለንግድ ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባውም። የእንፋሎት መርከብ ከመምጣቱ አስቀድሞ የዐረብና የሕንድ ነጋዴዎች ሳምቡካቸውን በካስካዚ እየነዱ ቴምርና ጨርቅ ጭነው ይወርዱ ነበር፤ በዛንዚባር ገበያ ወራት ተቀምጠውም ኩሲ ሲነሣ የዝሆን ጥርስና ቅርንፉድ፣ እጅግ በሚያሳዝን ሁኔታም የባሪያው ገበያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1873 እስኪዘጋ ድረስ ሰውን ጭምር፣ ጭነው ይመለሱ ነበር። ነፋሱ ያመለጠው ነጋዴ እስከሚቀጥለው ወራት በወደቡ ተቀምጦ ከመጠበቅ በቀር ሌላ ምርጫ አልነበረውም። በሚያዝያ ወር 1872 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ብርቱ ዐውሎ ነፋስ ተነሥቶ ኡንጉጃ በምትባለው በዋናይቱ ደሴት ከነበሩት የቅርንፉድ ዛፎች አብዛኛውን ስለገነደሰ፣ የቅርንፉዱ ምርት በአመዛኙ ወደ ጎረቤቲቱ ወደ ፔምባ ተዛወረ። እንዲህ ያለው ዐውሎ ነፋስ በዚያ ባሕር ዳር እጅግ ብርቅ ስለሆነ ተጓዥን ሊያስፈራው አይገባም። የማሲካ ዝናም ግን በየዓመቱ የሚመጣ ነው።

አሁን የሁለቱን አገሮች የዘመን አቆጣጠር ማስተያየት ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ፋሲካ በባሕረ ሐሳብ ቍጥር ከመጋቢት 26 ቀን በፊት አይውልም፤ ከሚያዝያ 30 ቀንም አያልፍም። ማሲካ የሚበረታው ደግሞ በዚሁ በሚያዝያ ነው። ስለዚህ ፋሲካው ቢፈጥንም ቢዘገይም ተጓዡ የሚያርፈው በዝናሙ መካከል ነው። ከሆቴሎቹ አንዳንዶቹ በዚያ ጊዜ ለዕድሳት ጨርሰው ይዘጋሉ፤ ባሕሩ ስለሚደፈርስም በጀልባ ወጥቶ ዓሣ መመልከት የሚቻልበት ቀን ያንሳል። የተባለው ቅናሽ ምንጩ ይህ ነው። ነጋዴው ውኃ የነካው ጆንያ ስኳር በግማሽ ዋጋ ቢቀርብለት ለምን ረከሰ ብሎ እጁን አግብቶ ሳይዳስስ አይገዛም ነበር።

አንዳንድ ሰዎች የማሲካ ዝናም ቀኑን ሙሉ አይዘንብም፤ ጠዋት በኃይል ወርዶ ከቀትር በኋላ ፀሐይ የሚወጣበት ቀን ብዙ ነው ይላሉ። አባባሉ እውነትነት አለው። ብቻውን የሚሄድ፣ መጽሐፉን ይዞ ጸጥታ የሚፈልግ፣ ወይም በ2000 (እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባውን ስቶን ታውን የሚባለውን አሮጌ ከተማ፣ የተቀረጹ በሮቹንና ጠባብ መንገዶቹን ለመመልከት የሚሻ ሰው በዚያ ወራት ቢሄድ ገንዘቡ አይጠፋበትም። ነገር ግን አራት ልጆች አስከትሎ ባሕር ሊያሳያቸው የሄደ አባት፣ ከስድስቱ ቀን ሦስቱን በሆቴሉ በረንዳ ላይ ሲያባብላቸው ቢከርም በቅናሹ ተጠቀመ ማለት ያስቸግራል። ይልቁንም ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ለአንድ ዶላር የሚከፈለው ብር ከቀድሞው ከእጥፍ በላይ ሆኗል። የከሸፈ ጉዞ የሚበላው ቤተሰቡ በስንት ጊዜ ያጠራቀመውን ገንዘብ ነው፤ ያንኑም በሚቀጥለው ዓመት መልሶ ማግኘት ለብዙው ባለ ሱቅ ቀላል አይደለም።

ለኢትዮጵያ ነጋዴ የተመቸው ወራት ሐምሌና ነሐሴ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። ግብር የማስታወቁን ጉዳይ ከሒሳብ ሠራተኛው ጋር አስቀድሞ ቀን የቈረጠለት ሰው ከዚያ በኋላ ጥቂት ትንፋሽ ያገኛል። ተማሪ ቤቶች ዝግ ናቸው። የአዲስ አበባ ገበያ ከዝናሙ የተነሣ ይቀዘቅዛል፤ የዘመን መለወጫው ግብይት የሚሞቀውም ነሐሴ ከተጋመሰ በኋላ ስለሆነ ባለ ሱቁ ሐምሌን ቢመርጥ ይሻለዋል። አዲሱ የቡና ለቀማ የሚጀመረው በጥቅምት ገደማ ስለሆነ ላኪው እስከ መስከረም መጀመሪያ ሊቈይ ይችላል። አስመጪው ብቻ ይጠንቀቅ፤ ዕቃው ጂቡቲ ደርሶ የወደብ ኪራይ እየቈጠረበት ሳለ በባሕር ዳር አሸዋ ላይ የተኛ ሰው እንቅልፍ የሚወስደው አይመስልም።

በእነዚሁ ወራት አዲስ አበባ በጭጋግና በጭቃ ተይዛ ሳለ ዛንዚባር ደረቅና ፀሐያማ ናት። የቀኑ ሙቀት 28 ወይም 29 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፤ ሌሊቱ ወደ 22 ዲግሪ ይወርዳል። ከደጋ ለሚሄድ ሰው ከዚህ የሚስማማ አየር በደሴቲቱ ዓመት ውስጥ አይገኝም። ይሁን እንጂ ወሩን መምረጥ ብቻ አይበቃም፤ ከደሴቲቱ በየትኛው ወገን እንደሚያርፉም ማሰብ ያስፈልጋል። ኩሲ በሚነፍስበት ጊዜ የደቡብ ምሥራቁ ዳርቻ፣ ማለት ፓጄ፣ ብዌጁና ጃምቢያኒ፣ ነፋሱን ፊት ለፊት ይቀበላል። በካይት እየተጐተቱ በውኃ ላይ የሚንሸራተቱ ወጣቶች ይህንኑ ፈልገው ወደ ፓጄ ይጐርፋሉ። ሕፃናትን ይዞ ለሄደ ሰው ግን በሰሜን ጫፍ ያሉት ኑንግዊና ኬንድዋ ከነፋሱ ስለሚከለሉ ይመረጣሉ።

ሌላም ተጓዦች የማያስቡት ነገር አለ፤ ይኸውም የባሕሩ መሙላትና መጕደል ነው። ሐይቅ ብቻ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ያስደንቃል። በምሥራቁ ዳርቻ ጠዋት እስከ ሆቴሉ ደረጃ ሞልቶ የታየው ባሕር ከስድስት ሰዓት ያህል በኋላ ወደ ኮራሉ ዐለት ሸሽቶ፣ አሸዋውና የባሕር ሣሩ ብቻ ተገልጦ ይገኛል። ለዋና የሄደው እንግዳ ተታለልሁ ብሎ ያጕረመርማል፤ የጃምቢያኒና የፓጄ ሴቶች ግን ያን ጊዜ ነው ወደ ሥራቸው የሚወርዱት። በችካልና በገመድ የሚያለሙትን የባሕር አረም ይሰበስባሉ፤ አድርቀው ለውጭ ገበያ ለሚልኩት ነጋዴዎች ይሸጡታል። ይህ እርሻ ለንግድ የተጀመረው በ1989 (እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ ስለ ወጪ ንግድ የሚያስብ ጐብኚ ቆሞ ቢመለከተው የሚጠቀምበት ነገር ነው። ሙላቱ በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል እየዘገየ ይመጣል፤ ጨረቃ ሙሉ በሆነችበትና አዲስ በምትወጣበት ሰሞን በሙላቱና በጕድለቱ መካከል ያለው ልዩነት እስከ አራት ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ በምሥራቅ የሚያርፍ ሰው ከትኬቱ አስቀድሞ የጨረቃውን ቀን ቢመለከት መልካም ነው። በኑንግዊና በኬንድዋ የባሕሩ ሽሽት ያን ያህል ስለማይርቅ በማንኛውም ሰዓት ሊዋኙ ይቻላል።

በሐምሌ አጋማሽ በማኩንዱቺ መንደር ምዋካ ኮግዋ የሚባለው የዘመን መለወጫ በዓል ይከበራል። ወንዶች የአሮጌውን ዓመት ቂም ለማስወጣት በሙዝ ግንድ ይደባደባሉ፤ በሣር የተሠራች ጎጆም ትቃጠላለች፤ የራሱ ዘመን መለወጫ በደጅ የቆመለት ኢትዮጵያዊ በደስታ የሚመለከተው ነው። ከሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ ዓሣ ነባሪዎች በደሴቲቱ አጠገብ ያልፋሉ። ወደ ፔምባ የሚሻገር ሰውም ለቀማው በተጀመረበት ወራት ከደረሰ ቅርንፉዱ በየመንገዱ ዳር በሰሌን ላይ ተሰጥቶ ያገኘዋል። ዛፉ አንዱን ዓመት እጅግ ሰጥቶ በሌላው የሚነፍግ ስለሆነ ብዛቱ በየዓመቱ አንድ አይደለም። በአንጻሩ ዌል ሻርክ የሚሉትን ግዙፍ ዓሣ ለማየት ተስፋ አድርጎ በነሐሴ የሚሄድ ይሳሳታል፤ እርሱ የሚታየው ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ጊዜ በማፍያ ደሴት ነው። ፍልሰታን የሚጾም ሰው ከነሐሴ 1 እስከ 15 ቀን ባለው ጊዜ ቢሄድ የባሕሩ ገበታ ዓሣ የሞላበት መሆኑን ይወቅ፤ ሆኖም በኰኰናት ወተት የተቀቀለው የአገሩ ባቄላ ከሩዝ ጋራ ሲቀርብ የሚያሳጣ አይደለም።

በክረምት መሄድ ለማይችል ሰው ሁለተኛው ጊዜ ከገና በኋላ ያለው የጥር ወር ነው። ያን ጊዜ ካስካዚ ይነፍሳል፤ ሙቀቱ ይበረታል፤ ባሕሩ ግን ጥሩ ነው። የአውሮፓ እንግዶች ለራሳቸው ገናና አዲስ ዓመት ስለሚጐርፉ ዋጋው እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ሰማይ ይነካል፤ ከዚያ በኋላ ጥቂት ይመለሳል። በየካቲት ገደማ ደግሞ ከ2004 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሳውቲ ዛ ቡሳራ የሚባለው የሙዚቃ በዓል በስቶን ታውን ሲደረግ ቈይቷል። የደሴቲቱ ሕዝብ አብዛኛው እስላም ስለሆነ የረመዳንን ወር ማስታወስ ተገቢ ነው፤ በየዓመቱ ዐሥር ወይም ዐሥራ አንድ ቀን ወደ ኋላ ይመለሳል፤ በዚያ ወር ከሆቴል ውጭ ያሉ ምግብ ቤቶች ብዙዎቹ ቀን ይዘጋሉ፤ በአደባባይ መብላትና መጠጣትም ነውር ነው።

እዚህ ላይ ስለ መደብሩ ሠራተኞች አንድ ነገር መናገር ግድ ይላል። ባለቤቱ የሚሄድበትን ወር በመጨረሻው ሳምንት ሲያስታውቅ፣ ጸሐፊው፣ ገንዘብ ያዡና መጋዘን ጠባቂው የራሳቸውን ዕረፍት አጥፈው ይቈያሉ፤ ልጆቻቸውን ወደ አያቶቻቸው አገር ለመውሰድ ያሰቡትም ሳይወስዱ ይቀራሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን፣ ከዚያም ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሁለት ዓመት አንድ የሥራ ቀን ዕረፍት እንዲሰጥ ያዛል፤ አዋጁ ራሱ ካልፈቀደው በቀርም በዕረፍቱ ፈንታ ገንዘብ መክፈልን ይከለክላል። በመጋቢት ወር የሁሉም ተራ በወረቀት ተጽፎ በቢሮው ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ለባለቤቱም የሚጠቅም ነው፤ የአውሮፕላን ትኬትና የሆቴል ክፍል ለሐምሌ በርካሽ የሚገኘው ቀደም ብለው ሲይዙት ነውና።

የቀረው የወረቀት ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ካለባቸው አገሮች ስለምትቈጠር ወደ ታንዛንያ የሚገባ መንገደኛ የክትባት ምስክር ወረቀት ሊኖረው ይገባል፤ ክትባቱ የሚጸናው ከተከተቡ ከዐሥር ቀን በኋላ ስለሆነ ለመነሻው ሳምንት ማቈየት አደገኛ ነው። ስለ ወባ መድኃኒትም ሐኪምን መጠየቅ ይገባል። የዛንዚባር መንግሥት ከጥቅምት 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የውጭ እንግዶች ሁሉ የደሴቲቱን የጉዞ መድን እንዲገዙ ያዘዘ ሲሆን፣ ደንቡ ሲወጣ የተወሰነው ዋጋ ለአንድ ጎልማሳ 44 የአሜሪካ ዶላር ነበር፤ በሌላ ኩባንያ የተገዛ መድን ይህን አይተካም። ቀብድ ከመክፈል በፊትም ጉዞው ቢሰረዝ ገንዘቡ የሚመለስ መሆኑና አለመሆኑ በጽሑፍ ይጠየቅ፤ በቃል የተነገረ ተስፋ በውጭ አገር ሆቴል ላይ አይከሰስበትም።